ጉልበት ያለው ፎቅ

(ጅማ፣ በቾ ቦሬ፤ ዮኤል ብረት የሚበይድበት ግቢ። ከወገብ የማይበልጥ የብረትና የመስታወት ፎቅ በአራት እግሩ ተንበርክኳል። ዮኤል ኮምፒዩተሩን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ልቡ ግን በሩ ላይ ነው። ጓደኛው ዳምጤ ፎቁን እየዞረ ያያል።)

ዳምጤ፦ ቆይ፣ ፎቅ ጉልበት ምን ያደርግለታል?

ዮኤል፦ ለመነሣት ነዋ! ሮቦት ሐውልት ነው አልኩህ። ሰው በበሩ ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። «በእግዜር» ካላሉት አይቀመጥም።

ዳምጤ፦ ቀለሙስ? ጌጡስ?

ዮኤል፦ ዘመናዊ ሕንፃ ጌጥ አይወድም። መስመርና መስታወት ብቻ!

ዳምጤ፦ ሳያልቅ ተመረቀ በለኛ! ግን ዘመናዊ ከሆነ የተበላሸው ሊፍት የታለ?

ዮኤል፦ አንተ ሰውዬ፣ አታሹፍ! የመናፈሻው ኮሚቴ ሰብሳቢ አባቦራ አሁን ይመጣሉ። ከወደዱት ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ይተከላል። ካልወደዱት ያ ሁሉ ልፋቴ ለቁራሌ ነው!

ዳምጤ፦ እግዜር ያሳካው። ሲገቡ አንተም ትነሣለህ አይደል?

ዮኤል፦ ታዲያ ማሽኑን ለምን ሠራሁት? መነሣቱን ለእሱ ተውለት! እኔ እዚህ ኮምፒዩተሩ ላይ እከታተላለሁ።

(አባቦራ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው ይገባሉ። ፎቁ ሲጢጥ እያለ ይነሣል።)

ፎቁ፦ ኖር!

አባቦራ፦ አላህ ያሳድግህ! ታኢ፣ ልጄ፣ ተቀመጥ!

(ፎቁ «በእግዜር»ን ይጠብቃል፤ ንቅንቅ አይልም።)

ዮኤል፦ (ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳይነቅል) ዳምጤ፣ እንዴት ሆነ?

ዳምጤ፦ ቆሟል!

ዮኤል፦ ቆመ? ገና በአንድ «ኖር»?

ዳምጤ፦ ቆመ ብቻ? ቀጥ ነው ያለው!

ዮኤል፦ ቀጥ አለ? አለቀልኝ! ባትሪው ነው! (ቁልፎቹን ይደበድባል)

ዳምጤ፦ ኧረ ባትሪው ምን አጠፋ? እንዲህ አምሮበት የቆመ አይቼ አላውቅም!

ዮኤል፦ ደስ ብሎሃል አይደል? ምቀኛ! አባቦራ፣ አንዴ ይታገሡኝ፣ አሁን አስነሣዋለሁ!

(አባቦራ የፎቁን አናት መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከንፈራቸው ላይ ሳቅ አለ።)

አባቦራ፦ ይሄ ልጅ አደብ ያውቃል። ነገውኑ ወደ መናፈሻችን ይምጣ። (ከዘራቸውን ወደ ዮኤል ይቀስራሉ) ይሄኛውንስ ሐውልት ማን ያስነሣዋል?

ዳምጤ፦ እሱ ገና ነው፣ አባ። ጉልበት አልተገጠመለትም።