ሁለት ኪሎ ይቀርዎታል

በእኛ አገር ሰው ሲወፍር ማንም አይጠይቀውም። «ተመችቶሃል» ይባላል፣ ይታለፋል። የከሳ ሰው ግን መልስ መስጠት አለበት። መጀመሪያ «አሞህ ነው?» ይሉታል። ካላመመው «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» ይከተላል። ምንም ካልሆነ ደግሞ ዓይን ሁሉ ወደ ሚስቱ ይዞራል። እኔ የከሳ ሰው ሚስት ሆኜ ስድስት ዓመት ስለኖርኩ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ።

መክሳት ራሱ ከባድ ነገር አይደለም። መክሳትማ ሁዳዴ በገባ ቁጥር የሰፈሩ ግማሽ ይከሳል። ሃምሳ አምስት ቀን የታገሡት ሁሉ ዶሮ ወጥ ፊት ይረሳና፣ ገና ዳግማ ትንሣኤ ሳይደርስ ቀበቶው ወደ ድሮ ቀዳዳው ይመለሳል። ከባዱ ከስቶ መቅረት ነው።

ባሌ ታደሰ ከስቶ ቀረ።

ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ይህን ሆድ ቀንስ ብሎት አሥራ አራት ኪሎ ቀነሰ። እኔም ሰፋፊ ሱሪዎቹን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ቀንሶ ሦስት ጊዜ ስለተመለሰ፣ አሁንም እንደሚመለስባቸው አልተጠራጠርኩም። ክረምት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ሌላም ፋሲካ አለፈ። ሱሪዎቹ እንደታጠፉ ናቸው። ያኔ መጠርጠር ጀመርኩ።

አሰለፈች የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በአንድ ግቢ ነው የኖርነው፤ ሳይነግሯት የምታውቅ ሴት ናት።

«ስሚኝማ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው ለሐኪም ብሎ አንድ ወር ይከሳል። ሁለት ዓመት ከከሳ ግን ለሰው ብሎ ነው።»

«ለየትኛው ሰው?»

«እሱንማ እግሩን ጠይቂው!»

እግሩ ደግሞ የሚጠየቅ እግር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ አንዳንድ ቀን ፊቱ ያበራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠቁሮ ይገባና የቀረበለትን እንጀራ ግማሹን ይመልሳል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ፍቅር የያዘው ሰው ካልሆነ በቀር ማን እንደዚህ ይሆናል?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ አንድ ቅዳሜ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኩት። መጀመሪያ ኡራኤል ሄዶ ተሳለመ። ይሄኔ ጥርጣሬዬ ባሰ፤ ምን ቢያስብ ነው አስቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቀው? ከዚያ በእግሩ ቁልቁል እስከ ስታዲየም ወረደ። ስታዲየም ስንደርስ እውነትም ሴት አለች። ጃንጥላ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሲያያት ፈገግ አለ። ኮቱን አውልቆ ሰጣት። ሰዓቱን ፈታ። ከዚያም በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መሐል፣ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ልቤ ሊወጣ ደረሰ። እሱ ግን ወጥቶ ሚዛን ላይ ቆመ። ሴትዮዋ መንገደኛ እየመዘነች የምትኖር ናት።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሁለት ኪሎ ይቀርዎታል!» አለችው።

«ምን? ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ እኮ ነው የበላሁት!»

«እንግዲያው ሽሮው ውስጥ ቅቤ አለ ማለት ነዋ። ሚስትዎን ይጠይቁ!»

«እሷ? እሷማ አታደርገውም» አለ ባሌ።

አድርጌው ነበር። ሰው «አታበላውም» እንዳይለኝ ብዬ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ቅቤ በስውር እጨምርበት ነበር። ተጠራጣሪዋ እኔ፣ ጥፋተኛዋም እኔ ሆንኩና ሳያየኝ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤውን ተውኩት። የገረመኝ ግን ቅቤው ቀርቶም የታደሰ ፊት ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቆሩን አልተወም። ሁለት ኪሎዋ አልሄደችለትም።

ባለፈው ዓመት በድንገት፣ በልብ ሕመም አረፈ። ለቅሶ ላይ «ድሮም ከስቶ ነበር» ሲባል ሰማሁ፤ ስድስት ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ምክንያት ተገኘላቸው። የአርባው ዕለት ልብሱን ስንሰጥ ሰፋፊዎቹ ሱሪዎች እንደ አዲስ ተጣጥፈው ወጡ። ለካ እሱ አልፏቸው ከሄደ ቆይቷል፤ ስጠብቃቸው የኖርኩት እኔ ነኝ።

ያቺን ሴት ሳላረዳት መቅረት ከበደኝ። አንድ ቅዳሜ ስታዲየም ወረድኩና ሚስቱ መሆኔን ነገርኳት።

«ጋሼ ምነው ጠፉ? ወፍረው፣ እኔን አፍረው ነው ብዬ እኮ ተቀይሜያለሁ!» አለች።

ነገርኳት። በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ቆይታ ደግሞ ቀና ሳትል፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አንድ ነገር አለ» አለችኝ። ሚዛኑን አዙራ ከጎኑ ያለች ትንሽ ጥርሳም ማዞሪያ አሳየችኝ። «ይቺ መርፌዋን ወደፊትም ወደኋላም ታደርጋለች። ጋሼ ከሩቅ ሲመጡ ሳያቸው ሁለት ኪሎ አስቀድማት ነበር።»

«ለምን?» ድምፄ ሳይጮህ አልቀረም።

«ደረሱ ያልኩት ሰው ሁሉ ይጠፋላ! ይደሰታል፣ ይሄዳል፣ በዓመቱ ሌላ ሰው አክሎ ይመጣል። እሳቸው እንዳይጠፉ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ለሌለች ሁለት ኪሎ ያን ሁሉ ቅዳሜ አዝኖ፣ ያን ሁሉ እንጀራ መልሶ! ከደረሰ ስንት ዓመቱ፤ እንዳልደረሰ አምኖ ሞተ። እኔ ጢም መላጨቱን፣ መሳለሙን ሁሉ ስጠረጥር፣ እሱ ሚዛኑንም፣ ሽሮዬንም አልጠረጠረም።

«አሁን እርስዎ ይውጡ» አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።

«ሃምሳ አንድ! እትዬ፣ ይሄማ አይሆንም። ይብሉ እንጂ! የሚመጣው ቅዳሜ አያለሁ።»

በዚያው ሳምንት፣ ወደ እሷ ከመምጣቴ በፊት፣ ጤና ጣቢያ ስመዘን ሃምሳ ሦስት ነበርኩ። ሚዛኑ ላይ እንደቆምኩ ጎንበስ ብዬ እጇን አየሁ። ነጠላዋ ውስጥ ደብቃዋለች።

ቤቴ ገብቼ ሽሮ ሠራሁ። ቅቤ ጨመርኩበት፤ አሁን የምደብቀው ሰው የለም። ሚዛኗን አላምነውም። ቅዳሜ ግን እሄዳለሁ።