በሩ ላይ የቆመው ኅብረት

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚሰማ ይጠጋ፣ የማይሰማ እሳቱን ይቆስቁስ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ነበር የሚጀምረው።

በድሮ ጊዜ ሦስት ጎረቤት አገሮች ነበሩ። ወንዙ የእትጌ ጉማሬ፣ በረሃው የባላምባራስ ግመል፣ ተራራው ደግሞ የአባ ጭላዳ ነበር። ወንዙ ውሃ እንጂ ጨው የለውም። በረሃው ጨው እንጂ ውሃ የለውም። ተራራው ሣር ነበረው፤ ከሣሩ የበለጠ ግን ምክር ነበረው፤ የሚፈልገው ጠፍቶ እንጂ።

በወንዙና በበረሃው መካከል ረጅም የእሾህ አጥር ነበር። ማን እንዳጠረው የሚያስታውስ የለም፤ በየዓመቱ ግን ሁለቱም ወገን ተግቶ ያድሰዋል። ትንንሾቹ እንስሳት በአጥሩ ብዙም አልተቸገሩም። ቆፋሪው አዋልዲጌሳ ከሥሩ ጉድጓድ ምሶላቸው ነበርና ጥንቸሉም፣ ጃርቱም፣ ከሚዳቋ የምታንሰው እንሹም በዚያ እየሾለኩ ጨው ይልሳሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይጋባሉ፣ ሲመቻቸውም ይጣላሉ።

አንድ ዓመት በጋው ጠነከረ። ሦስቱ አለቆች ከዋርካ ሥር ተሰብስበው ሲመክሩ ሰነበቱና ከእንግዲህ አንድ አገር እንሁን ተባባሉ። አጥሩ ላይ ሰፊ በር ይከፈት፣ ውሃ ወዲያ፣ ጨው ወዲህ ይለፍ ተባለ። እንስሳቱ ጨፈሩ። አህያም ሳትጋበዝ ዘፈነች።

ጉባኤው ሊበተን ሲል አባ ጭላዳ ደረቱን አከክ አድርጎ፣ "ይህ ጉድጓድ ግን ይደፈን" አለ። "እንዲህ ያለ በር እያለን እንደ ሌባ በመሬት ውስጥ መሾለክ ለኅብረታችን ነውር ነው።"

ሁሉም እውነት ነው አሉ። ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ጅብም ዘበኛ ሆኖ ቆመበት። አዋልዲጌሳ ቅር እንዳይለው የኅብረቱ የቁፋሮ ሹም ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥፍሩን አፈር አስነክቶ አያውቅም።

ጉድጓዱ ሲደፈን እንሹ ስንሻው በረሃው ውስጥ ጨው ሊልስ ሄዶ ነበር። ሚስቱ ደብሪቱ ወንዙ ዳር ቀርታለች። እንሹዎች ከተጋቡ የማይለያዩ፣ እግራቸው እንደ እንጨት ስንጥር የቀጠነ ፍጥረቶች ናቸው። ስንሻው ተመልሶ ሲመጣ ጉድጓዱን አጣው፤ ሚስቱን በእሾሁ መካከል አያት።

"ይህ ምንድን ነው?" አላት።

"አንድ አገር ሆነናል" አለችው።

"እኔ ሳልኖር? በይ እሺ፣ በየት ልምጣ?"

"በበሩ ነው የምትመጣው። አለቆቹ መርቀው እስኪገቡበት ጠብቅ።"

አለቆቹም መጡ። እትጌ ጉማሬ ከወንዙ ወገን አፍንጫዋን በሩ ላይ ደቀነች። ባላምባራስ ግመል ከበረሃው ወገን አንገቱን አስገባ። በሩ በሁለቱ ሞላ።

"ይግቡ እንጂ ባላምባራስ" አለች ጉማሬ። "ቤትዎ ነው።"

"ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"አይሆንም። እርስዎ ሳይገቡ እኔ እግሬን አላነሣም።"

"እኔስ የት ያደግሁ ነኝ? ይግቡ እትጌ።"

የሚያያቸው ሁሉ በትሕትናቸው ተገረመ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በዚያ አገር ልማድ "ይግቡ" የሚል ባለቤት ነው፤ የሚገባው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ምንም ቢከበር የቤቱ ጌታ አይሆንም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተለማመጡ፤ በማግሥቱም ቀጠሉ። ምግባቸው እዚያው ይመጣላቸው ጀመር።

ከበሩ በላይ ያለው ቋጥኝ የተራራው ዳርቻ ነውና አባ ጭላዳ ለማስታረቅ ወረደ። "በሉ እንግዲህ፣ ሁለታችሁም ግቡ" አለ።

ሁለቱም ዞረው አዩት። "ግቡ የሚለን እሱ ማን ሆኖ ነው?" አለ ግመል። "ቤቱ የእሱ ሆነ እንዴ?"

በዚህ ብቻ ተስማሙ።

ደብሪቱ በየቀኑ ወንዝ ትወርዳለች፤ አፏን ውሃ ሞልታ ትመጣና በእሾሁ ቀዳዳ ለባሏ ታቀብለዋለች። ግማሹ መንገድ ላይ ይደርቃል፤ ግማሹ እሾሁ ላይ ይንጠባጠባል።

"የጨው ጣዕም አለው" ይላል ስንሻው።

"አፍህ ነው ጨው የሆነው።"

"ሳቂ እንጂ። አንቺ እኮ ስትቆጪ አፍንጫሽ ይረዝማል።"

እየዋለ እያደረ ግን ቀልዱም አጠረ። ቆሞ ይጠብቃት የነበረው ተኝቶ ይጠብቃት ጀመር። ደብሪቱ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ከጉማሬ እግር ሥር ቆመች።

"እመቤቴ፣ ባሌ በውሃ ጥም ሊሞትብኝ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ እሱ እንኳ ይለፍ።"

"ምስኪን" አለች ጉማሬ። "ይለፍ እንጂ፣ እኔ ፈቅጃለሁ።"

"ቆይ እትጌ፣ እሱ ያለው በእኔ በኩል ነው" አለ ግመል። "ፈቃዱን መስጠት ያለብኝ እኔ ነኝ።"

"የሚገባው እኮ ወደ እኔ ነው።"

"እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ" አለ ጭላዳ ከላይ።

ደብሪቱ እየተከራከሩ ትታቸው ወደ ወንዙ ሮጠች። አፏን ሞልታ ስትመለስ ስንሻው አፉን ወደ ቀዳዳው አድርጎ ተኝቷል። ውሃውን አፈሰሰችለት። ከንፈሩን አልፎ አሸዋው ላይ ፈሰሰ።

ያን ጊዜ ጮኸች። ከዚያች ከትንሽ ደረት ያን ያህል ድምፅ ይወጣል ያለ አልነበረም።

በእነዚያ አገሮች ልማድ ለቅሶ ቤት ማንም ማንንም ይግቡ አይልም፤ የሰማ ሁሉ ዝም ብሎ ይገባል። መዘግየት ነው ነውሩ። ግመል አንገቱን መለስ ሲያደርግ ጉማሬ በሩን እየገነጠለች ገባች። ጭላዳ ከቋጥኙ ዘለለ። ጅብም ጥበቃውን ትቶ እያለቀሰ መጣ። አጥሩ ከዳር እስከ ዳር በእግር ተረጋግጦ ፈረሰ፤ ደብሪቱም በጉማሬ ሆድ ሥር አልፋ ባሏ ዘንድ ደረሰች።

ሦስቱ አለቆች በሬሳው ዙሪያ ተደርድረው ቆሙ። ጭላዳ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ወንድማችን ስንሻው ዛሬ አንድ አደረገን" ብሎ ንግግር ጀመረ።

ደብሪቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ለካስ መግባት ትችሉ ኖሯል" አለች።