መቶ ክዳን ለአንድ ሰዓት

(ሳሎን። የሟች አባታቸው የጠረጴዛ ሰዓት ከላዩ የሚደፋበት የመስታወት ክዳን ሳይኖር ራቁቱን ቆሟል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቁም ሣጥን ሲገፉ ክዳኑን የሰበሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። እናታቸው ይህን አታውቅም፤ እህታቸው ጋ ሰንብታ ዛሬ ትመለሳለች። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» የሚለው ታላቅየው ከካርቶን ቁልል ፊት ቆሞ ያስረዳል። ታናሽየው ነገር ዘግይቶ ነው የሚገባው ይባላል፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ አምኖ ተቀብሎታል።)

ኢንጂነሩ፦ ስንቴ ልንገርህ? የሞልዱ ሂሳብ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ታናሽየው፦ ሞልዱ ያ መስታወቱ ቀልጦ የሚፈስበት ነው አይደል?

ኢንጂነሩ፦ እሱ ነው።

ታናሽየው፦ እኛም የምንፈልገው አንድ ክዳን ነው። ታዲያ ሂሳቡ ሙሉውን እዚያች አንዷ ላይ አረፈ ማለት ነው።

ኢንጂነሩ፦ እሱን ለማቅለል አይደል መቶ ያዘዝኩት? ለመቶ ሲካፈል ምንም አይደለም።

ታናሽየው፦ ዘጠና ዘጠኙን ምን እናደርገዋለን ጋሼ?

ኢንጂነሩ፦ መጠባበቂያ።

ታናሽየው፦ (በጣቱ እየቆጠረ) ያኛው አርባ ዓመት ቆየ። አርባ በመቶ ሲባዛ... ለአራት ሺህ ዓመት ይበቃናል።

ኢንጂነሩ፦ አርቆ ማሰብ ይሉሃል ይሄ ነው።

(አንዱን ከካርቶን ያወጣል።)

ታናሽየው፦ ከታች ዳሩ ተሸርፏል።

ኢንጂነሩ፦ መንገድ ላይ ይሆናል። ሌላ አምጣ።

ታናሽየው፦ ይሄም። ይሄም እዚያው ቦታ ላይ። ጋሼ፣ ንድፉን ከምን ሠራኸው?

ኢንጂነሩ፦ ስብርባሪውን በሙጫ ገጣጥሜ ዳር ዳሩን በእርሳስ ዞርኩት። የፀጉር ያህል አልሳትኩም።

ታናሽየው፦ ሽራፊዋንም ዞርካት?

ኢንጂነሩ፦ ያለውን ነው የሳልኩት።

ታናሽየው፦ (ከካርቶኑ ውስጥ የመስታወት ፋብሪካውን ወረቀት አንሥቶ ያነባል) «በዚህ ልክ ለሚሠራ ክዳን ዝግጁ ሞልድ ነበረን። ዳሩ ላይ ላዘዙት ጎደሎ ግን አዲስ መቅረጽ ግድ ሆነብን።» የከፈልነው ለሽራፊዋ ነው በለኛ።

(ኢንጂነሩ ካርቶን ላይ ዘጭ አለ። ታናሽየው ቀድሞ የገባው ነገር በዕድሜው ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ጥቂት አጣጣመው። ከዚያ ከሶፋው ጀርባ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።)

ታናሽየው፦ ካርቶኖቹን ልቀበል ፋብሪካው ስሄድ መደርደሪያቸው ላይ አየሁት። ሽራፊ የለው፣ ምን የለው። አንድ ገዛሁ።

ኢንጂነሩ፦ እስካሁን ምነው ዝም አልክ?

ታናሽየው፦ እያስረዳኸኝ ነበራ።

(ሰዓቱ ላይ ሲደፉት ልክክ አለ። ወዲያው እናታቸው ገባች። ዓይኗ ደክሟል፤ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወደ ሰዓቱ ሄደች። ጣቷ የክዳኑን ዳር ከታች በኩል ዞረው፤ እንደገና ዞረው።)

እናት፦ ይሄ የኔ አይደለም።

ታናሽየው፦ ያው ነው እኮ እማዬ።

እናት፦ አባታችሁ የቸኮለ ለት በሰዓቱ መሙያ ቁልፍ የሸረፋት ቦታ የት ሄደች? ጠዋት ጠዋት ጣቴን የማሳርፍባት? እሷን አምጡልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

(ኢንጂነሩ ከካርቶኑ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።)

ኢንጂነሩ፦ እማዬ፣ ስንት ይምጣልሽ?