አባቴ ለዛፍነት ሲፈተን

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። በሕልሙ ውስጥ የተገኘነው አባቴ ይማም፣ ፊልሙን የምታሠራው ዳይሬክተር ሶስና፣ አንድ ሾላ፣ ሦስት ወፎች፣ እናቴና እኔ ነበርን። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው ተባለ፤ ፀሐይዋ ግን ገና ስላልተቀጠረች ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት እውነቱን ላስቀድም፤ አጭር ነው። እዚህ ደሴ ውስጥ «የሾላው ሙሽራ» የሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። አንዲት ልጅ ወንዝ ዳር የቆመ ሾላ እንዳይቆረጥ ብላ ታገባዋለች። ባሏ ከሆነ ማን ይነካዋል ብላ ነው። ቆራጮች ግን መጥረቢያ ይዘው ይመጣሉ። ሾላው አንድ ክረምት ብቻ እንዲጨምሩለት በዘፈን ይለምናቸዋል። ከዚያ ይቆረጣል። ሾላው አባቴ ነበር፤ ሙሽራዋ እናቴ። ሰው ከመብዛቱ የተነሣ በአዳራሹ መስኮት ላይ ይንጠለጠል ነበር። እስከ ዛሬም ገበያ ላይ አባቴን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሾላው! እንዴት አደርክ?» ነው የሚሉት።

እናቴ ስትሞት ቴአትሩም ቀረ። አሁን ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተው ወደ ምናባዊ ፊልም ሊለውጡት ነው፤ ዛፍ የሚራመድበት፣ ወንዝ ወደ ሰማይ የሚፈስበት ፊልም። ሶስና ቤታችን መጥታ ሻይ ጠጣችና «ጋሽ ይማም፣ እንደውልልዎታለን» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስልኩን ከደረት ኪሱ አይለየውም። እግሩ ያብጣል፤ ሐኪሙ ብዙ አትቁም ብሎታል። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ እጆቹን ዘርግቶ መቆም ይለማመዳል። እኔ ልከለክለው እፈልግና አፍራለሁ።

ሕልሙ እንዲህ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ነን። ወንበሮቹ ሰዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ላይ አንድ ወፍራም ወንበር ተደላድሎ «አንገትህን ዝቅ አድርግ እንጂ፣ አይታየኝም» አለኝ። ዝቅ አደረግኩለት። መድረኩ ባዶ ነበር። ተዋንያኑ ሁሉ በር ላይ ተሰልፈው እኛን ለማየት ትኬት ቆረጡና ፊታችን መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ሲያስነጥስ አጨበጨቡ። አንዲት ሴትዮ ስታዛጋማ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ግንባሯ ላይ ቅጠል ለጠፉላት።

«ይደገም! ይደገም!» አሉ።

ሴትዮዋ አፍራ እንደገና አዛጋች። ሁለተኛው ግን እንደ መጀመሪያው አላማረም። ተዋንያኑ እያጉረመረሙ ቁጭ አሉ።

አባቴ ከጎኔ ነበር። እሱ ላይ የተቀመጠችው ወንበር አሮጌ ናት፤ አንድ እግሯ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

«ከበድኩዎት?» አለችው።

«ተቀመጪ ግድ የለም። ዘመዴ አይደለሽ?» አላት።

ወንበሯ አለቀሰች። ከየት ጫካ እንደመጣች አታውቅም ነበር።

በዚህ መሐል አስተናባሪው ገባ። በእጁ የያዘው ባትሪ ጨለማ ያፈስ ነበር። በመካከላችን እያለፈ የብርሃኑን ቦታ ሁሉ አጠፋና «የሾላ ፈተና ውጭ ነው! ለሾላ የምትወዳደሩ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ወንበሯን ቀስ ብሎ አወረደና ወጣ። ተከተልኩት።

ውጭ መናኸሪያው ነበር። ዛፎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ችግኝ ሳለ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይዟል። ሰዎች ደግሞ በመንገዱ ዳርና ዳር እስከ ጉልበታቸው ተተክለዋል፤ አንድ ግራር በባልዲ ውኃ ያጠጣቸዋል። ጎረቤታችን እትዬ ከዲጃ ከተተከሉት መካከል ነበሩ።

«ምነው እትዬ ከዲጃ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አላቸው አባቴ።

«ምን ባክህ፣ ለዘመቻ ነው ብለው አምጥተው ተከሉኝ። ፎቶ አንሥተውኝ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየኝ የለም» አሉ። «አንተስ?»

«ለሾላነት ልፈተን።»

«ይቅናህ። ሥርህን እንዳይነኩህ ብቻ።»

ከፊታችን የተሰለፈ ረጅም ባሕር ዛፍ ዞር ብሎ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየው። አባቴም ፈርቶ «አንተም ለሾላ ነህ?» አለው።

«ኧረ እኔስ ለኤሌክትሪክ ምሰሶነት ነው» አለ ባሕር ዛፉ። «የሾላማ ተይዟል ይላሉ። ዘመድ አለው አሉ።»

ይህን ሲል ሶስና የጦሳን ተራራ በገመድ እየጎተተች ደረሰች። ዐይኗ አልቅሶ አብጧል። በዛፎቹ ሁሉ እግር ሥር እየተደፋች «እባካችሁ እኔን ቅጠሩኝ» ትላለች። ዛፎቹ «እንደውልልሻለን» ይሏታል። ተራራው ዘግይቶ ስለመጣ ተቆጡት።

«ምን ላድርግ? ባጃጁ ሁሉ አልጭንም አለኝ» አለ ተራራው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ወንድሜ፣ ድምፅህን አንዴ ብታውሰኝ፤ ለመመለሻዬ ታክሲ ልጥራበት» አለኝ። እኔ ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ አወጣሁና ሰጠሁት።

ወዲያው ፈታኞቹ ፊት ቆምን። አንድ አሞራ፣ አንድ ቁራና አንዲት የዱር እርግብ፣ ዋኔ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ አሞራው ነበር። ለመጨረሻው ፈተና የቀሩት አባቴና አንድ እውነተኛ ሾላ ብቻ ነበሩ። ሾላው የለበሰው ኮት ጠቦት ብብቱ ተተርትሯል፤ ያልበዋልም።

«ስም?» አለ ቁራው።

«ይማም።»

«እሱን ማን ጠየቀህ? የዛፍ ስምህን።»

«ሾላው ይሉኛል።»

«እነማን?»

«ገበያተኛው።»

«ገበያተኛ ያልሆነውን ሲል ነው የሚውለው» አለ ቁራው። ወደ ሾላው ዞረ። «አንተስ?»

«ሾላ» አለ ሾላው በቀጭን ድምፅ።

«ማስረጃ?»

ሾላው ከኪሱ አንድ የበሰለ ፍሬ አወጣ። ቁራው በላው። «ማስረጃው በቂ ነው» አለና አፉን ጠረገ። «ሌላ ቅጂ አለህ?»

ዋኔዋ ግን ወደ አባቴ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ስንት ጎጆ ይይዛሉ?»

«እኔ ራሴ በቀበሌ ቤት ነው የምኖረው፤ ለእናንተ ግን አላጣም» አላት።

ዋኔዋ በርራ ትከሻው ላይ ዐረፈች። ዐይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች። ከዚያ በቀስታ «ይንቀጠቀጣል» አለች።

እግሩ ነው፣ ሐኪም አትቁም ብሎታል፣ እንዳትጥሉት ልል ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ተራራው ዘንድ ነው።

«መዝፈን?» አለ አሞራው።

ሾላው አንገቱን ደፋ። «ዘፍኜ አላውቅም ጌታዬ። ነፋስ ሲመጣ ትንሽ አንሾካሽካለሁ፤ እሱም የነፋሱ ነው።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ዘፈነ።

«አንድ ክረምት ብቻ፣ አንድ ክረምት ስጡኝ፣
ጥላዬን ሳላጥፍ ከሥሬ አትንቀሉኝ።»

ሲዘፍን ዝናብ ከመሬት ወደ ሰማይ መዝነብ ጀመረ። የተተከሉት ሰዎች አንድ አንድ ክንድ አደጉ። እትዬ ከዲጃ ጆሯቸው አጠገብ አበባ አወጡ። የመናኸሪያው አውቶቡሶች መብራታቸውን አጥፍተው አዳመጡ። አሞራው በክንፉ ጫፍ እንባውን ጠረገ።

«ድንቅ ነው» አለ አሞራው። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ አላለፍክም።»

አባቴ ለማመስገን እጅ ነሣ፤ እንደ ለመደው።

«ይግባኝ አለው» አለች ዋኔዋ። «ሙሽራዋ ትጠየቅ። የምትደገፈው እሷ አይደለች?»

ሙሽራዋ ተጠራች፤ እናቴ መጣች።

በመናኸሪያው ዋና በር ነው የገባችው። የሠርግ ልብሷን ለብሳለች። አንዱ ጫማዋ ስለሚሰፋት መድረክ ላይ እንደምታደርገው የቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ፊቷ ከመታመሟ በፊት የነበረው ነው። ሙሉ ነው።

«ዘገየሁ?» አለች። «መንገዱ አደከመኝ። ዛፌ የታል?»

አባቴ እጆቹን ዘረጋ። በቴአትሩ እናቴ ሮጣ ጀርባዋን ደረቱ ላይ ታስደግፍና እሱ ክንዶቹን እንደ ቅርንጫፍ ያወርድላት ነበር። ያኔ ነበር ሰው የሚያለቅሰው። አሁንም ደረቱን ነፋ፤ ኮቱን ገለጥ አደረገላት።

እናቴ በአጠገቡ አለፈች። ሾላውን ተደገፈች። ዐይኗን ጨፈነች።

ሾላው ደነገጠ፤ አንድ ቅጠል እንኳ ማንቀሳቀስ ፈራ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለው አባቴን። «እኔ አልጠራኋትም።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ዝም ብለህ ቁምላት። በግራ በኩል ጎንበስ በል፤ የግራ ትከሻዋን ያማታል።»

ሾላው ጎንበስ አለ። «እንዲህ?»

«ትንሽ ዝቅ። አዎ፣ እዚያ ላይ። አሁን አትንቀሳቀስ።»

እኔ ወደ ተራራው ሮጥኩ። ጉሮሮዬን እያሳየሁ በእጄ ለመንኩት። ተራራው ኪሶቹን በረበረ። «የአንተ የትኛው ነበር? ብዙ ሰው ነው ያዋሰኝ» አለና አንዱን ሰጠኝ። ተቀብዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ። እማዬ፣ እሱ አይደለም፣ አባዬ እዚህ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ድምፅ ወጣ።

የረዳት ድምፅ ነበር የሰጠኝ። ዋጥ አደረግኩና እንደገና ሞከርኩ።

«ኮምቦልቻ! የሞላ! የሞላ!»

እናቴ ዐይኗን ገለጠች። አየችኝ። ሰው ለማያውቀው ረዳት ፈገግ እንደሚለው ፈገግ አለችልኝ።

«አልሄድም ልጄ፤ ደርሻለሁ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ሶስና እጇን አጨበጨበች። ማልቀሱን ትታለች፤ ዛፎቹ ቀጥረዋት ኖሯል። «በቃ፣ ሾላው ታውቋል። አሁን መቁረጥ ነው» አለች።

«እኔን?» አለ ሾላው።

«ታዲያ ማንን?»

«ኋላ እነሣለሁ አይደል? በቴአትሩ የወደቀው ተነሥቶ ሰው ያመሰግን ነበር ይባላል።»

«እሱ ቴአትር ነው። ፊልም ላይ የወደቀ እንደወደቀ ይቀራል።»

ሾላው ማልቀስ ጀመረ። ሲያለቅስ ግንዱ ይነቃነቃል፤ እናቴ በእንቅልፏ ልቧ ተከፋ መሰለኝ፣ ግንባሯን አጨማደደች። አባቴ ይህን ሲያይ አላስቻለውም።

«አትቀስቅሷት!» አለ። «ገና ዕረፍት ማግኘቷ ነው። እኔን ቁረጡኝ።»

«ጋሽ ይማም፣ እርስዎ ዛፍ አይደሉም ተብሎ ተወስኗል እኮ» አለች ሶስና።

«ለመቆም አትሆንም አላችሁኝ፤ ተቀበልኩ። ለመቆረጥም ፈተና አለው እንዴ ልጄ?»

ወፎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሞራው ራሱን ነቀነቀ። «ለመቆረጥ ፈተና የለውም» አለ።

መጥረቢያውን አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ። የሚቆርጠው ልጅ ነው አሉ፤ ደንቡ ነው። «አንዲት ቃል ብቻ፣ ‹ተው› ካልክ ይቀራል» አለችኝ ዋኔዋ ጆሮዬ ላይ። እኔ ያለኝ ኮምቦልቻ ብቻ ነው። አፌን በእጄ ያዝኩት።

አባቴ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን አወለቀ። ያበጠ እግሩን አነሣና አሳየኝ። ውስጥ እግሩ ላይ ነጫጭ ሥሮች በቅለዋል፤ ቀጫጭን ናቸው፤ ገና መሬት አልነኩም።

«አየህ?» አለኝ፤ ደስ ብሎታል። «ትንሽ ቀን ቢሰጡኝ ኖሮ ይይዙልኝ ነበር። በል አይዞህ፣ ትከሻህን ዘና አድርግ።»

እኔ መጥረቢያውን አላነሣሁም። መጥረቢያው እኔን አነሣኝ። ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘኝና ወደ አባቴ እግር ወረወረኝ።

ነቃሁ።

ነግቷል። አባቴ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ስልኩ እጁ ላይ ይጮኻል።

«እነሱ ናቸው» አለኝ። «አንተ አናግራቸው፤ እኔ ድምፄ ይንቀጠቀጥብኛል።»

ተቀበልኩት። ሶስና አልነበረችም፤ አብሯት የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ቸኩሏል።

«ጋሽ ይማም ዛሬ ቢመጡልን። ሾላውን በኮምፒውተር ሠርተነዋል፣ ያምራል። ዘፈኑንም አዲስ አበባ ላይ በሌላ ሰው ድምፅ አስቀርፀናል። ችግሩ ሙሽራዋን የምትጫወተው ልጅ ናት። የምትደገፈው ነገር ስላጣች ባዶ አየር ላይ እየወደቀች አስቸገረችን። እሳቸው ከኋላዋ ቢቆሙልን ነው። አረንጓዴ ልብስ አለን፣ ፊትንም የሚሸፍን። በኋላ ከምስሉ ላይ እናጠፋቸዋለን። ሙሉ ቀን መቆም ይችላሉ አይደል?»

የአባቴን እግር አየሁ።

«ሄሎ? ይችላሉ አይደል?»

አባቴ በእጁ ምልክት ምን አሉ ይለኛል።

«ይችላል» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት።

«ምን አሉ?»

«ይፈልጉሃል።»

«ለሾላው?»

«ለሾላው።»

ትንሽ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሣና ፊቱን ታጠበ፤ ጢሙንም ተላጨ። መኪናቸው ሲመጣ እትዬ ከዲጃ በራቸው ላይ ወጥተው እልል አሉለት። አባቴ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ።