ለመኪና ሆድ ቆዳ ማልበስ

ፍርሃት ከላይ የሚመጣ ይመስላችኋል፤ ከመብረቅ፣ ከአለቃ፣ ከሚወድቅ ቅርንጫፍ። እኔ ግን ከታች የሚመጣ ፍርሃት አውቃለሁ። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ መኪና ሆድ እንዳላት አስባችሁ ታውቃላችሁ? የሀዋሳ ባጃጅ ነጂ እንኳ፣ መስታወቱን በቀን አምስት ጊዜ የሚወለውለው፣ ወንበሩን የነብር ሥዕል ያለበት ጨርቅ የሚያለብሰው፣ አጎንብሶ ሆዷን «እንዴት አደርሽ» አይላትም። የምናሳምረው የሚታየውን ነው። ከአሠሪዬ ከጋሽ ማቴዎስ በቀር።

ጋሽ ማቴዎስ ታቦር ሰፈር ቤት የሠሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ እኔ ዳንጊሶ ደግሞ ዘበኛቸው። ወንድማቸው ከውጭ አገር በሪሞት የምትነዳ፣ ድመት የምታህል ቀይ መኪና ላከላቸው። «ለልጆቹ» ብሎ ነበር የላከው። ልጆቹ እስከ ዛሬ በመስኮት ነው የሚያዩዋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ፤ ስትቆም አንስቼ አዞራታለሁ። ለመንደሬ ሰዎች ግን «ሀዋሳ መኪና ላይ ነኝ» ብዬ ስለላክሁባቸው፣ ሁለት አጎቶቼ ረዳት አድርጌ እስክቀጥራቸው እየጠበቁ ነው።

መንዳቱ ሲያበቃ ጋሽ ማቴዎስ መነጽራቸውን አድርገው፣ መኪናዋን ገልብጠው፣ እንደ ሐኪም ሆዷን ይመረምራሉ። የሐይቁ ዳር ጠጠር ደግሞ ለማንም አያዝንም። ፕላስተር ለጠፍን፤ ተላጠ። የዘይት ጀሪካን ቆርጠን አሰርን፤ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጭረት አገኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጋሽ ማቴዎስ ሲጮኹ አልፈራም፤ ዝቅ ሲያደርጉ ነው የምፈራው።

«ስማ ዳንጊሶ፣ የፊታችን ቅዳሜ ሌላ ጭረት ካየሁ፣ ዕቃህን አስይዤ መናኸሪያ አደርስሃለሁ።»

መናኸሪያ ማለት አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡስ ማለት መንደር፤ መንደር ማለት አጎቶቼ። ሳምንቱን ሙሉ ለሆዷ የሚሆን ልብስ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

የተማርኩት ትምህርት የለም፤ ቆዳ ግን አውቃለሁ። እኛ ዘንድ የቢላ እጀታ ሲላላ እርጥብ የበሬ ቆዳ ይጠመጠምበታል፤ ሲደርቅ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፣ ድንጋይ አይበግረውም። ዓርብ ከሥጋ ቤት ቁራጭ ለምኜ ሆዷን አለበስኳት፤ በሲባጎ ጠፍሬ አሰርኩት። ቆዳው እስኪደርቅ የሦስት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ለእኔ የቀረኝ ግን አንድ ቀን ነበር። የፈራ ሰው ቀን አይቆጥርም።

ቅዳሜ ጋሽ ማቴዎስ «ይዘሃት ቅደም፣ እደርሳለሁ» አሉኝ። ሐይቁ ዳር ደርሼ፣ እስቲ ልሞክራት ብዬ ሪሞቱን ነካ ባደርገው ተፈተለከች፤ የድንጋይ ጠርዝ መታችና ተገለበጠች። እርጥብ ቆዳዋን ለሰማይ አሳየች።

አባ ኮዳን ታውቁታላችሁ፤ ያ ከአንገቱ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስል ራሰ በራ ወፍ፤ ዓሣ ሻጮች ዘንድ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው። ቁመቱ እኔን ይበልጣል። እሺ፣ ያን ቀን ይበልጠኝ ነበር። ሦስት እርምጃ ተራምዶ መጣ፣ ቆዳውን ነከሰ፣ መኪናዋን ይዞ ተነሣ። በድንጋጤ ሪሞቱን ጨመቅሁት፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ዞሩ። ወፉም ፈጠነ። እኔ የምነዳው እስኪመስል።

«ዳንጊሶ! ፍሬን ያዝ እንጂ!» አለችኝ ዓሣ የምትሸጠው ብርቄ፣ በሳቅ እየተንፈራፈረች።

«ብርቄ፣ በእናትሽ! ከሥራ መባረሬ ነው!»

«ምን ታደርግ፣ አውሮፕላን ትነዳለህ!»

አፏ ይህን ይበል እንጂ እጇ አልቦዘነም፤ ከባልዲዋ የዓሣ አንጀት ዘግና ሜዳው ላይ በተነችው። ወፉ አንጀቱን አየ፣ አሰበ፣ መረጠ። መኪናዋ ከሐይቁ ዳር ዋርካ ጫፍ ከፍታ፣ በጣሪያዋ፣ የእግረኛ መንገዱ ሲሚንቶ ላይ ወረደች።

ሳነሳት ጣሪያዋ የተረገጠ ቆርቆሮ ሆኗል፤ የፊት መስታወቷ የለም፤ አንድ በሯ ሐይቅ ገብቷል። ቀና ስል ጋሽ ማቴዎስ መነጽራቸውን እየጠረጉ ቆመዋል።

ከእጄ ተቀበሉኝ። እንደ ልማዳቸው ገለበጡ። ሲባጎውን ፈትተው ቆዳውን ገለጥ አደረጉ። ሆዷ አዲስ ጭረት አልነበረውም። መልሰው አቃኗትና ጣሪያዋን አዩ።

«ይሄስ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጋሼ፣ ስለ ጣሪያ አላስጠነቀቁኝም።»

ብርቄ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ዓሣዋ አዞረች። ጋሽ ማቴዎስ ጣሪያዋን አገላብጠው አይተው እስኪጨርሱ፣ እኔ በልቤ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ወርጄ፣ አጎቶቼን ሰላም ብዬ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ቆዳውን በጣታቸው አሻሹት።

«ቆዳው ግን ይሠራል» አሉ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጣሪያዋንም አልብሳት።»

ስለዚህ አልተባረርኩም፤ ደስ ይበላችሁ። ትናንት እጥፍ ቆዳ ተሸክሜ ከሥጋ ቤት ስወጣ ግን በሩ ላይ ሦስት አባ ኮዳ ቆመው ጠበቁኝ። ፈጠንኩ፤ ፈጠኑ። ቆምኩ፤ ቆሙ። ባጃጅ አስቁሜ ዘልዬ ገባሁና «ታቦር! ቶሎ በል!» አልኩት ነጂውን።

ዞር ብሎ አያቸውና «እነሱስ፣ ካንተ ጋር ናቸው?» አለኝ።