ከለቅሶው የጠፋው ቁልፍ

የድሮ ቁልፍ የሚያውቀው በሩን ብቻ ነበር፤ የጎረቤት ቁልፍ ተውሶ የራሱን ሣጥን የከፈተ ስንት አለ! የዘንድሮ የመኪና ቁልፍ ግን ኩራቱ ለብቻው ነው። ጥርሱ ቢገጥምም መኪናዋ «አንተን አላውቅህም» ካለች አለቀ፤ ሽማግሌ ብትልክባትም አትታረቅም። ይህን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ትምህርት ቤትን የማውቀው አጥሩን ተደግፌ ነው። የተማርኩት ከሞተ ሰው መኪና ነው።

አያ ይግዛው ከጅጋ ፍኖተ ሰላም የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው። እሱ ይነዳል፣ እኔ ረዳቱ ሰው እጠራለሁ። ድምፄ እንኳን ተሳፋሪ፣ ቡሬ ገበያ የዋለች ላም ይመልሳል። አያ ይግዛው በአጭር ሕመም ሲያርፍ ለቅሶው የጀግና ለቅሶ ሆነ። ዱሮ ቢሆን ፈረሱን ሸልመን እናዞርለት ነበር። ፈረስ የለውማ! የሚኒባሷን ግንባር ጋቢውን አልብሰን ለቅሶው መሃል ነዳናት። ሞተሯ ሲጠፋ ቁልፉ ከባርኔጣው ጋር ለአልቃሾች ተሰጠ። በማግስቱ ጋቢው አለ፣ ባርኔጣው አለ፤ ቁልፉ የለም። ምትክ ደግሞ ኖሮት አያውቅም።

ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁም? እኛ አገር አርባው ሳይወጣ ሐዘን ቤት ገብቶ «የሟች ዕቃ የት ገባ?» የሚል ሰው፣ እሱ ራሱ ሲሞት ቀባሪ አያገኝም።

መኪናዋ ጋቢዋን እንደለበሰች ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ቀረች። ምነው ዝም ብላ በቆመች! አንድ ቀን ጠዋት፣ ጭጋጉ መሬቱን ሳይለቅ፣ ከሟች ሚስት ከእትዬ ዘቢደር ጋር አጠገቧ ቆመናል። ነፋስ የለም፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ድንገት ከጋቢው ሥር ሁለት ቢጫ ዓይኖች በርተው ጠፉ። በሮቿ ከውስጥ ቀጭ አሉ፣ አንድ ሰው ገብቶ የተቀመጠ ይመስል። ከቤት የእናቱ የእማማ ጠጄ እንጉርጉሮ ይሰማል፤ «ይግዛው ልጄ፣ አቤት አትለኝም ወይ?» ይላሉ። ጢጥ! አለች መኪናዋ።

ውሻው ጭራውን ሸጉጦ እግሬ አውጪኝ አለ። እኔም ሮጥኩ፤ ውሻው እንዳይጠፋብን ብዬ ነው እንጂ ፈርቼስ አይደለም።

የቤተሰቡ የነፍስ አባት ጸበል ሊረጩ መጡ። ገና አንድ እፍኝ ሲረጩ ጢጥ ጢጥ አለች። መስቀላቸውን ወደ ፊት አደረጉ፤ ከመስቀላቸው ፊት ደግሞ እኔን አደረጉ።

በዚህ መሃል የሟች አጎት አያ በላቸው ከሽንዲ መጡ። ቆማ ከምትዝግ አርባው ድረስ ካልተነሳች እሸጣታለሁ አሉ፤ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎችም እሺ አሉ። እትዬ ዘቢደር አንገቷን ደፋች። ያቺ መኪና ለሷ ማሳዋም በሬዋም ናት። አያ በላቸው ዋጋ እንደሚገምት በሬ ነጋዴ ቆርቆሮዋን መታ መታ ሲያደርጉ መኪናዋ እሪታዋን አቀለጠችው! እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰበሰቡ። እማማ ጠጄ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል፤ ቀና እንኳ አላሉም። አያ በላቸው ግን «በአርባው ገዢ ይዤ እመጣለሁ» ያሉት ከአጥሩ ውጭ ሆነው ነው።

ቡሬ ሄጄ ቁልፍ ፕሮግራም የሚያደርግ ባለሙያ ይዤ መጣሁ። ማሽኑን እንደ ዳዊት በማኅደሩ አንጠልጥሎታል። «ብራዘር፣ ቀላል ነው» እያለ በሯን በሽቦ ከፈተ፤ ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰካ። የድሮውን ቁልፍ አስረስቶ አዲሱን እንደሚያስተዋውቃት እየነገረኝ ሳለ፣ «ይግዛው!» አሉ እማማ ጠጄ። ጢጥ! ሰውዬው ጣሪያውን በራሱ ቅል መታው።

«ማነው የሚጫወተው? ቁልፉ እዚሁ ነው ያለው!» አለ።

«ባለቤቱማ እዚያ ነው» ብዬ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉ ላይ ያለው መጫኛ ድንጋይ ተወርውሮ ከሚደርስበት አልፎ መኪናዋን እንደማያስጮኻት በቡሬ ቅዱሳን ሁሉ ማለልኝ።

ያን ጊዜ እትዬ ዘቢደር ወደ ደጃፉ አየች። እማማ ጠጄ ደረታቸውን ደለቁ፤ ጢጥ። ደለቁ፤ ጢጥ። ቀስ ብላ ሄዳ ተንበረከከችና የጥቁር ቀሚሳቸውን አንገት ገለጥ አደረገች። የልጃቸው ቁልፍ ከማተባቸው ጋር ታስሯል።

ባለሙያው ትንፋሹ ተመለሰ። «ተገኘ አይደል? ታዲያ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?»

«ከእናት አንገት ላይ ልጇን ፈትቼ ተሳፋሪ ልጫንበት?» አለችው። «አዲሱን ሥራ። የሳቸውንም እንዳታስረሳት።»

ይቻላል አለ፤ ግን የድሮው ቁልፍ መሪው ጋ መግባት አለበት። እማማ ጠጄ ደግሞ ማተብ በሕይወት አይፈታም አሉ። ምን ይደረግ? ደግፈን ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ክሩ አጭር ስለሆነ ደጀ ሰላም እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ አሉ፤ ቁልፉ ገባ፣ ዞረ። ቀጥሎ አዲሱ። ሞተሯ ተነሳ። እማማ ጠጄ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው «እጁ እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ አልሳቅኩም።

በአርባው ቀን አያ በላቸው ገዢያቸውን አስከትለው ሲመጡ፣ መኪናዋ የተዝካር እንግዳ ጭና እየገሰገሰች በፊታቸው አለፈች። ጋቢው አሁንም ግንባሯ ላይ ነው። ማን እንደሚነዳት ሳያጣሩ አማትበው ወደ ሽንዲ ተመለሱ።

አርባው ወጣ፤ መጠየቅም ነውር መሆኑ ቀረ። እማማ ጠጄ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ለመሆኑ መኪናዋን የሚያስጮኻት ቁልፉ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ አልኳቸው።

«ምኑን አውቄው ልጄ! እኔ ደረቴን የምመታው ለይግዛው ነው» አሉኝ። ግራ ቀኝ አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ለአጎቱ ጊዜ ግን በአውራ ጣቴ ነው የተጫንኩት።»