ለማማር የተገጠመ ማርሚታ

ሰው መኪና የሚገዛው ለመሄድ ነው የሚል ካለ እሱ መኪና የሌለው ሰው ነው። እኛ ያለን እናውቀዋለን። መኪና የሚገዛው ለመታየት ነው፤ መሄዱ ምርቃት ነው። ለመሄድማ ታክሲ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ሁሉም ቢቀር እግር አለ። የሚገርመው ደግሞ ባለቤቱ መኪናውን የሚያየው ከውስጥ መሆኑ ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ደግሞ ሁሉም መኪና ያው መሪ፣ ያው ወንበር፣ ያው መስታወት ላይ የተንጠለጠለ መቁጠሪያ ነው። ውበቱ የሚሠራው ከኋላ ለሚከተለን፣ ስሙን እንኳ ለማናውቀው ሰው ነው። ለማናውቀው ሰው ብለን የማንሆነው ነገር አለ እንዴ?

አባታችን ሲሞት ሁለት ነገር አወረሰኝ፤ መኪናዋንና ታናሽ ወንድሜን ያሬድን። መኪናዋ ባለ አራት ሲሊንደር የጃፓን ሥሪት ናት። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ ነጭ ነው ይላል። ሊብሬው ይበል እንጂ እሷ ነጭ መሆን ከተወች ቆይታለች። ያሬድን ያሳደግነው እኔና እሷ ነን ብል አላጋነንኩም። ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ከውቤ በረሃ ሐኪም ቤት ያደረሰችው እሷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜም ፍራሹን ጣሪያዋ ላይ ጠፍሬ የሸኘሁት በእሷ ነው። በኋላ ፒያሳ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን፣ እናቴንና የእናቴን ድስቶች አንድም ሳይሰበር ያጓጓዘችው እሷው ናት። ከድስቶቹ አንድም አልተሰበረም ማለቴ ነው፤ እናቴን አላውቅም።

ያሬድ ሊያገባ ሆነ። የሙሽሪት ወገኖች ደህና ነጋዴዎች ናቸው፤ ከሰዎቹ አንድም ክፉ ቃል አልሰማሁም። ክፉውን ቃል ያመጣው ወንድሜ ራሱ ነው። አንድ እሁድ ቤቴ መጣና የሻይ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆይቶ፣

«ጋሽዬ፣ የአጀቡ መኪኖች ተቀራራቢ ቢሆኑ ተባለ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ተባለ።»

በአማርኛ እንደ «ተባለ» ያለ ፈሪ ቃል የለም። የሰደበህ ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሰዳቢው አይገኝም። ያሬድ ቀጠለ፤ እኔ እማዬን ይዤ አጀቡ ውስጥ ሳልገባ ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ብመጣ እሷንም እንደማይደክማት፣ ለእኔም እረፍት እንደሚሆነኝ አስረዳኝ። ፍራሹን የተሸከመችለት መኪና ሙሽራውን ለማጀብ አልበቃችም ማለቱ ነው። «ችግር የለም» አልኩት። ሀበሻ «ችግር የለም» ሲል ከሰማችሁ ችግር አለ።

ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥኩ። ሲነጋ መልሱ ተገለጠልኝ። የመኪናዋ ዕድሜ አይቀየርም፣ ቀለም ለመቀባት ጊዜ የለም፤ ነገር ግን የትልልቅ ሰዎች መኪና ከኋላ ሲታይ በግራና በቀኝ ሁለት የሚያብረቀርቅ ማርሚታ አለው። የጭስ ማውጫ ቁጥር ነው ሰውን ከሰው የለየው! እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሊቅ አይመጣም። ለተዋረደ ሰው ግን ይመጣል።

መጀመሪያ የሄድኩት ሸምሱ ዘንድ ነው። ሸምሱ ፒያሳ ከተረፉት ጋራዦች በአንዱ የሚሠራ፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ይህችን መኪና የሚያውቅ መካኒክ ነው። ጉዳዬን ሲሰማ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ጋሼ፣ ይቺ አራት ሲሊንደር ናት። የምታወጣው ጭስ ለአንድ ቱቦ ነው የተለካው። ለሁለት ሲከፈል ጉልበቷን ነው የሚወስድባት፤ ዳገት ላይ ትደክማለች» አለኝ።

«ለጉልበት አይደለም። ለማማር ነው።»

«ለማማር ከሆነማ አጥብልዎታለሁ!»

ከዚያም ወንበር ስቦ ቁምነገሩን ነገረኝ። የመኪናዋ ወለል ከኋላ በኩል ዝጓል፤ እዚያ አካባቢ የሚበየድ ነገር በደንብ ካልታሸገ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሱ በበኩሉ አይነካውም። እንዲህ ያለ ምክር ሰው በነፃ ሲሰጣችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ በልቤ «ሸምሱ አርጅቷል» አልኩ።

ያላረጀው ተገኘ። ጌጣጌጥ የሚገጥም ጎልማሳ ነው፤ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «ፋዘር፣ ፏ ነው የማደርግልህ! ሙዷን ነው የምቀይረው» አለኝ። በእኔ ዕድሜ «ፋዘር» መባል ስድብ ይሁን ክብር ገና አልወሰንኩም። ወለሉ ዝጓል ብዬ ስነግረው «ወለሉን ማን ያየዋል?» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነበር። የኋላ መከላከያዋን በግራም በቀኝም ቆረጠ፣ በየደ፣ አብረቅራቂ አፍ ያላቸው ሁለት ቱቦዎች አወጣ። ሞተሩን ሳስነሳ ያቺ ሕይወቷን ሙሉ በትሕትና ስታስነጥስ የኖረች መኪና አጓራች።

አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። የምሠራው አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። የበሩ ጥበቃ ላለፉት ዓመታት ለእኔ ሲል ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም፤ በሩን የሚከፍተው በእግሩ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ድምፁን ሲሰማ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። መሪው ላይ ያለሁት እኔ መሆኔን ሲያይ እጁ በአየር ላይ ቀረ፤ ግን ከተሰጠ ወዲያ የሚመለስ ሰላምታ የለም። ሃያ ዓመት አገልግሎት ያላስነሳውን ሰው ሁለት ቱቦ አስነሳው። የዳገቱን ነገር አላነሳም። ዳገት ላይ ብስክሌት የሚገፋ ሰው ሰላም ብሎኝ አልፏል።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። እናቴ ለዚህ ቀን ያልተዘጋጀችበት ጊዜ የለም። ፒያሳን ከለቀቅን ወዲህ አላየቻትም፤ እግሯም ዓይኗም ደክሟል። ያሬድ የሚያገባው ጊዮርጊስ፣ እሷም ያገባችበት፣ እኛንም ክርስትና ያስነሳችበት ደብር ነው። «ቤቴ ባይኖር ቤተ ክርስቲያኔ አለ» እያለች ሳምንት ሙሉ ቀሚሷን ስታወጣና ስትመልስ ሰነበተች። ባለቤቴ በጠዋት ወደ አዳራሹ ስለሄደች እናቴን ብቻዋን ከኋላ አስቀምጬ፣ «ቀጥታ ና» የተባልኩትን ትቼ፣ ወደ ሙሽሪት ቤት ወደ ሜክሲኮ ነዳሁ።

ማርሚታው ሠራ! አጀቡን የሚያስተባብረው ሰውዬ በእጁ ወደ ዳር ሊያስወጣኝ ሲል ከኋላ ዞሮ አየ፤ አየና «አንተ ከሙሽሮቹ ቀጥለህ ግባ» አለኝ። ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅማ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ የሁለቱን ቱቦዎች አፍ በየተራ ሲያነሳ አየሁት። ያሬድ ከአበባው መኪና አንገቱን አውጥቶ ፈገግ አለልኝ። ያ ፈገግታ ለእኔ ይሁን ለማርሚታው ለማጣራት ጊዜ አልነበረም።

ጉዞው ተጀመረ። ክላክስ ነው፣ ጭብጨባ ነው፣ እልልታ ነው። አጀብ ቀስ ይላል፤ እኛ ደግሞ ከለገሃር ጀምሮ የቸርችልን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ነው የያዝነው። እኔ መስኮቴን ከፍቼ ግማሽ አካሌን አውጥቼ እጄን አወዛውዛለሁ። የእናቴ መስኮቶች ግን ድፍን ተዘግተዋል፤ «ንፋስ ይመታኛል» ብላ። አገሩ እንዲህ ነው፤ ጥይት የማይፈራ ሰው የታክሲ መስኮት ይፈራል።

በመስታወቱ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የማርሚታው ጩኸት አያሰማኝም። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እየመረቀችኝ መሰለኝ። ወንድምህን ለዚህ ያበቃህ ልጄ፣ እያለችኝ መሰለኝ። እኔም ጮክ ብዬ «አሜን! አሜን!» አልኩ። ደግማ አንድ ነገር አለች። «አሜን!» አልኩ። ሦስተኛም አልኩ። አራተኛ ላይ ቀና ብዬ ሳይ መስታወቱ ውስጥ እናቴ የለችም።

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ነበርን። አጀቡን ጥዬ ጥግ ያዝኩ። የኋላውን በር ስከፍት የወጣው ሽታ እኔኑ ወደ ኋላ ገፋኝ። እማዬ ወንበሩ ላይ ተጋድማለች፤ ነጠላዋ ላይ አስመልሷታል፤ «እማዬ!» ብዬ ብጠራት ዓይኗን ትከፍትና መልሳ ትከድናለች። ከኋላዬ የነበሩት የአጀቡ መኪኖች ክላክሳቸውን እየነፉ አልፈውን ሄዱ። የደስታ ክላክስ ነው፤ ማን ያውቃል? አንዲት ትራፊክ ፖሊስ ልትቀጣኝ መጥታ እናቴን ስታይ ደብተሯን ጣለች። አብረን አውጥተን የእግረኛ መንገዱ ላይ አስቀመጥናት። ፖሊሷ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ አወጣችና «ጋሼ፣ ጭሱ እኮ ሁሉ እዚህ ነው ያለው! ሴትዮዋን እንዴት እዚህ ውስጥ አስቀመጧት?» አለችኝ። ላዳ አስቁማ ይዛን ሄደች።

ክሊኒክ ስንደርስ አፏና አፍንጫዋ ላይ ኦክስጂን ተደረገላት። ወጣቷ ሐኪም «ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ ተኝተው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «መኪና ውስጥ ነበረች» አልኩ። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ» አለችና አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሄደች። እኔ ስጨርሰው ነው የምኖረው።

ጊዮርጊስ ደወሉ ሲደወል፣ ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም፣ እናቴ የክሊኒክ ጣሪያ እያየች ነበር። ወደ ማታ ያሬድ ከነሙሽራ ልብሱ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆና ነው?» አለኝ። ዕድሉ በእጄ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ደም ግፊቷ ነው» የሚል ነው። እናቴ ይህን ሰምታ የያሬድን እጅ ያዘች፤

«ይቅር በለኝ ልጄ። ‹ራሴን አዞረኝ፣ አቁምልኝ› ብዬ ወንድምህን ብለምነው እሱ እንኳ ‹አሜን› እያለ በጸሎት ነው ያደረሰኝ። ሰርግህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለችው።

ያሬድ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እውነቱን የምናውቀው ሐኪሟ፣ ፖሊሷና እኔ ነን። አሁን ደግሞ እናንተ።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋን እየገፋሁ ባልልም እየለመንኩ ሸምሱ ዘንድ አደረስኳት። ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ብየዳው ከሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ወለሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ብቅ ሲል «አላልኩዎትም?» እስኪለኝ ጠበቅኩ። ቢለኝ እገላገል ነበር። ያለኝ ግን «እትዬ እንዴት ናቸው?» ብቻ ነው። ከዚያ ቱቦዎቹን ቆርጦ ጣለ፣ ወለሉን በላሜራ ደፈነ፣ የድሮዋን አንድ ማርሚታ መለሰላት። መኪናዋ እንደ ቀድሞዋ አስነጠሰች። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃም ወደ እግሩ ተመለሰ።

ከወር በኋላ ያሬድና ሚስቱ የሰርጉን ቪዲዮ ይዘው ቤታችን መጡ። እናቴ ሰርጉን ያየችው ያን ቀን ነው። ቴሌቪዥኑ አፍንጫዋን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። ጊዮርጊስ ሲመጣ አማተበች፤ ቃል ኪዳኑ ላይ እልል አለች፤ እሷ መቀመጥ የነበረባትን ባዶ ወንበር ስታይ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ያሬድ ይህ ስለከበደው መሰለኝ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ አጀቡ መለሰው። የቪዲዮ አንሺው ልጅ ሥራውን የሚወድ ነው። ታርጋ የለ፣ በር የለ፣ ሰው የለ፤ ስክሪኑን የሞሉት ሁለት የሚያብረቀርቁ ቱቦዎች ብቻ ናቸው፤ ከበስተኋላ ሙዚቃ እየተጫወተ በዝግታ ያልፋሉ።

«ቆይ፣ አቁመው እስቲ» አለች እናቴ። ዓይኗን አጥብባ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ የማን መኪና ነው?»

ያሬድ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«የሙሽሪት ዘመዶች ናቸው» አልኩ።

«ታዲያስ!» አለች እማዬ፣ ራሷን በአድናቆት እየነቀነቀች። «ያለው ሰውማ ከኋላውም ያስታውቃል። የኔ ልጅ፣ አንተስ ምናለ እናትህን እንዲህ ባለው ብታስኬዳት?»